ለእናቶች ብቻ የተባለው በር

የእትዬ አስካለ ልጅ ነቢዩ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እማዬ አረፈች» ሲለው፣ ገብረሕይወት አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ ከሚባል ሰፈር ካለ አንድ ፋርማሲ ደጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚስቱ መድኃኒት እስኪዘጋጅ ይጠብቅ ነበር። ነፍስ ይማር አለ። ነቢዩ በወዲያኛው በኩል እያለቀሰ ቀብሩ ነገ እንደሚሆን፣ እናቱ ብዙም ሳትሰቃይ እንዳለፈች ነገረው። ለአክስቱ፣ ለገብረሕይወት ሚስት ለትዕግስት ግን እሱ አፍ አውጥቶ ሊነግራት እንደማይችል፣ እንደ ወጉ እዚያ ያሉት ሰዎች እንዲያረዷት ለመነው። ገብረሕይወት እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እትዬ አስካለን ይወዳቸው ነበር። ትዕግስት እናቷ ስትሞት ገና የምትድህ ልጅ ነበረች፤ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ኋላም እሱ ከአሜሪካ ሄዶ ለትዳር ሲጠይቅ መርቀው የሰጡት እኚሁ ታላቅ እህቷ ናቸው። ስለዚህ ማልቀስ ነበረበት። ግን መጀመሪያ የመጣበት እንባ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ለቅሶው ላይ ትዕግስትን ሽንት ቤት የት ላስገባት ነው? አለ በሆዱ። ወዲያው አፈረ። መድኃኒቱ ደርሷል የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ከገባ በኋላም ከመኪናው ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጥያቄው ከሐዘኑ ጋር የማይሄድ ይመስል ይሆናል።

ገብረሕይወት አትላንታ የገባው ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ነው። እንደመጣ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጠበ፤ ቀጥሎ ኮንየርስ በምትባል ከተማ ካለ መጋዘን ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነዳ። ነገር አያበዛም። እድሩ ውስጥ ቆሞ ሲናገር ያየው ሰው የለም። ለቅሶ በተደረሰ ቁጥር ግን ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ወንበር የሚደረድረው፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ ወደ ኋላ ቀርቶ ወለል የሚጠርገው እሱ ነው። ትዕግስት ደግሞ ሌላ ነበረች። ሰው ታውቃለች፤ ትስቃለች፤ ታስቃለች። ከሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ሐዘንተኛ አጠገብ ቁጭ ብላ መቼ እንዲያለቅስ መተው እንዳለበት፣ መቼ ዝም ማሰኘት እንደሚገባ የሚገባት ሴት ናት ይሏታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ምላሷ ተመለሰላት፤ ሳቋም ገሚሱ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን እንደነበሩ አልሆኑም። ቤት ውስጥ በመደገፊያ ዎከር ትንቀሳቀሳለች፤ ራቅ ሲል ዊልቸር ነው። ብቻዋን የማትችለው ሽንት ቤት ገብቶ መቀመጥና መነሳት፣ ልብስ ዝቅ ከፍ ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርግላት ገብረሕይወት ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ ቤት ድረስ የምትመጣ ረዳት መድቦላት ነበር፤ ማርታ የምትባል በእጇም በአፏም ለስላሳ የሆነች ልጅ። ትዕግስት አመስግና ሸኘቻት። ልጃቸው ኤልዳና ከምትኖርበት ከቻርለት ከተማ እየነዳች ስትመጣ «እማ፣ እኔ ልውሰድሽ» ትላታለች። እሷን ደግሞ ጭራሽ አትፈልግም። «እኔ ነኝ አንቺን ያጠብኩሽ፤ ነገሩን አትገልብጪው» ትላታለች።

ምክንያት አላት። ከታመመች በኋላ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የሄደች ዕለት፣ አንዲት የማኅበሯ ሴት ደግፋ ሽንት ቤት አስገብታት ነበር። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ሳምንቱን ግን ከአንጀቷ እያዘነች፣ ከንፈሯን እየመጠጠች ለሌሎቹ አወራች፤ እንዴት ደግፋ እንዳስነሳቻት፣ ከቀሚሷ ሥር ምን እንደምትለብስ ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ትዕግስትን ሲስሟት አንገቷን አቅፈው ቆይተው ነው የሚለቋት። ትዕግስት እንዲህ ያለ የሐዘኔታ አሳሳም አታውቅም ነበር። ቤት እንደገቡ ገብረሕይወትን አስማለችው። ይህ ነገር ከእንግዲህ ከሁለታችን አይወጣም፤ ለኤልዳናም፣ ለእድርም፣ ለንስሐ አባትም ቢሆን፣ አለችው። እሱም ማለ።

መሐላው ቀላል ነበር። ያስቸገረው በር ነው። የወንዶች የሚለው እሷን አያስገባም፤ የሴቶች የሚለው እሱን አያስገባም። አንድ ቀን ሞል ውስጥ ሲጨንቀው የሴቶቹ በር ላይ ቆሞ፣ ውስጥ ሰው እንደሌለ ጠይቆ አረጋግጦ ይዟት ገባ። ሲወጡ ሴኩሪቲ ቆሞ ጠበቃቸው። ሚስቴ ናት ብሎ አስረዳ። ሚስትህ አይደለችም አላልኩም፣ አንተ እዚህ አትገባም አለው ሰውየው። ሌላ ቦታ ደግሞ አንዲት ወጣት አሜሪካዊት ከውስጥ እየወጣች አይታቸው፣ ራሷ በሩን ይዛ ምንም ችግር የለም ግቡ አለቻቸው። የቱ ነው ደንቡ? ገብረሕይወት አልገባውም።

ምልክት ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ወንድም ሴትም የሚገባበት፣ ግማሹ ቀሚስ፣ ግማሹ ሱሪ የለበሰ ሰው የተሳለበት በር አለ። የሽንት ቤት መቀመጫ ብቻ የተሳለበት አለ። አባትና እናት ሕፃን መሀል አድርገው የቆሙበትም አለ። ቀድሞ እነዚህን ሲያይ ለሌላ ሰው የተሠሩ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሰው የሚጨቃጨቅባቸው፣ እሱን የማይነኩ ነገሮች ይመስሉት ነበር። አሁን ግን ከሩቅ ሲያያቸው ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለ በር ያለበት ቦታ ትዕግስትን ይዞ ይሄዳል፤ የሌለበት ቦታ አይሄድም። ሎረንስቪል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ በር ስላለ የሳምንት አስቤዛ የሚገዙት እዚያ ድረስ ነድተው ነው። ሰዎች «በደጃችሁ ሱቅ እያለ ሎረንስቪል ምን ያስኬዳችኋል?» ሲሏቸው ትዕግስት ቀደም ብላ «ሽንኩርቱ ይሻላል» ትላለች።

ደንቡን ግን ሊጨብጠው አልቻለም። አንድ ሬስቶራንት ውስጥ፣ ለአንድ ሰው የሆነ ክፍል ለማንም ክፍት ነው፣ ሕጉ ነው አሉት። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሬስቶራንት ደግሞ እንዲህ የሚል ሕግ የለም፣ የባለቤቱ ፈቃድ ነው አለው። አንዱ የከተማው ጉዳይ ነው ይላል፤ አንዱ የካውንቲው፣ ማለትም የወረዳው፤ አንዱ የስቴቱ። ባለፈው ክፍት ያገኘው በር ዛሬ ይቆለፍና ቁልፉን ከካሸሯ ጠይቅ ይባላል፤ ወይም ምልክቱ ተነስቶ ሌላ ተተክቶበት ያገኘዋል። ማን እንዳነሳው፣ ለምን እንዳነሳው የሚነግረው የለም። ከተማ ከከተማ በአንድ የትራፊክ መብራት በሚለይበት አገር፣ ከየትኛው መብራት በኋላ የማን ደንብ እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም።

ከፋርማሲው ደጅ ሆኖ ለእድሩ ሰብሳቢ ለካሳሁን ደወለ። ካሳሁን ኮንየርስ ውስጥ ጋራዥ አለው። ቀልድ ይወዳል፤ የሰው ችግር ሲሰማ ደግሞ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ነገሩን እንደሰማ ወዲያው አደላደለው። መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ይነገራል፤ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ ሄደው ያረዷታል፤ ከዚያ በቀጥታ ሎረንስቪል ወዳለው፣ እድሩ ወደሚከራየው አዳራሽ ተወስዳ ቅዳሜና እሁድ እዚያ ትቀመጣለች። በየቤቱ ለቅሶ መቀመጥ ከቀረ ቆይቷል፤ አፓርታማ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው መኪናውን ፓርክ የሚያደርግበት የለም፤ ጎረቤት ፖሊስ የጠራበት ጊዜም አለ። እስከ ቅዳሜ ስልኳን ጠብቅ፣ ፌስቡክ እንዳታይ፣ ከሰው እንዳትሰማ ብሎ አስጠነቀቀው።

አዳራሹ ሲባል ገብረሕይወት ትንሽ ተነፈሰ። እዚያ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከወንዶቹና ከሴቶቹ ሌላ ሦስተኛ ክፍል እንዳለ ያውቃል። አንድ መቀመጫ አለው፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አለው፤ ከውስጥ ይቆለፋል፤ በሩ ላይም ያ ግማሽ ቀሚስ ግማሽ ሱሪ የለበሰው ሰው አለበት። የሰው ለቅሶ ላይ ወንበር ሲያመላልስ አይቶታል። ያ ክፍል ካለ ትዕግስት ትቀመጣለች አለ። ከሌለ ግን፣ የሰው ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት በገዛ እህቷ ለቅሶ ቤቷ ልትቀር ነው።

ሐሙስ ዕለት ለእጇና ለእግሯ ማገገሚያ ቴራፒ አለባት። ቴራፒው ሎረንስቪል ነው። እሷን አስገብቶ፣ እስክትጨርስ ብሎ ወደ አዳራሹ ነዳ።

በሩ አለ። የተሳለው ሰውዬ ግን የለም። በእሱ ቦታ ላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል፤ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «ለእናቶች ብቻ» ይላል።

ገብረሕይወት ቆሞ ደጋግሞ አነበበው። አዳራሹ የአሜሪካዊ ነው፤ ወረቀቱ የአማርኛ ነው። ባለቤቱ ይህን ማንበብ አይችልም። ታዲያ የከለከለው ማን ነው?

አዳራሹን የምታስተዳድረው ሚስ ዶሪስ የምትባል ሴት ናት። ወንበር በመደርደር ታውቀዋለች። ስለዚያ በር ሊጠይቃት መምጣቱን እንደተረዳች እጇን አንስታ አስቆመችው። ገና ሳይጨርስ፣ አትጨነቅ ተስተካክሏል አለችው። የእናንተ ሰዎች እንዳልወደዱት ነግረውናል፤ ሃይማኖታችሁን እናከብራለን፤ ምልክቱን አንስተነዋል፣ የራሳችሁን እንድትለጥፉም ፈቅደናል፣ እያለች አረጋጋችው። ገብረሕይወት በሚችለው እንግሊዝኛ፣ አይደለም፣ እኔ የምፈልገው የድሮውን ነው አለ። ሚስ ዶሪስ መነጽሯን አወለቀች።

«አንሱ አላችሁን፣ አነሳን። አሁን ደግሞ ለምን አነሳችሁ ልትከሰን ነው የመጣኸው?» አለችው።

ክስ እንዳልሆነ ነገራት። ሕጉስ ምን ይላል ብሎ ጠየቃት። እሷም ይህንኑ ጠይቃ ነበር። ሕንፃውን ሊመረምር የመጣው ሰው የአንድ ሰው ክፍል ለማንም ነው አላት፤ የባለቤቱ ጠበቃ ደግሞ ተከራዮቹ እንደሚወዱት አድርጉ አለ። የቱ ትክክል እንደሆነ እሷም አታውቅም። ፕሬዚዳንታችሁ ይደውልልኝ፣ የሚለውን እለጥፋለሁ አለችው። ወረቀቱ ምን እንደሚል ሌሎች ተከራዮች ሲጠይቋት መልስ ስለሌላት ጌጥ ነው እያለች እንደምታልፋቸውም ነገረችው።

ከዚያ ትዕግስትን ከቴራፒ ወስዶ ቤት አገባት። ዘይት ልቀይር ብሎ ኮንየርስ ሄደ። ካሳሁን ከአንድ መኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበለው።

«እንዴት ናት? ጠርጥራለች?»

«ኧረ የለም» አለ ገብረሕይወት። «ያ ኮሪደሩ ጥግ ያለው ክፍል…»

«የእናቶቹ?»

«አዎ። ድሮ የሁሉም ነበር።»

ካሳሁን ሳቀ። «ገብሬ፣ ጡረታ ወጥተህ ሽንት ቤት መቁጠር ጀመርክ? የወንዶቹ ጠበበህ?»

ገብረሕይወት አልሳቀም። ካሳሁንም ሳቁን ትቶ አስረዳው። ነገሩ ከእማማ ሐምራዊት ነው የተነሳው። እማማ ሐምራዊት የእድሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ መያዣ ብረት ከሌለው መቀመጫ መነሳት አይችሉም። አንድ ለቅሶ ላይ ወደዚያ ክፍል ሄደው በሩን ሲጠብቁ፣ አንድ ጎረምሳ ቀበቶውን እያጠበቀ ከውስጥ ወጣ። እሳቸውም ወንድ ከወጣበት አልገባም ብለው ቤታቸው እስኪደርሱ ሽንታቸውን ይዘው ታመሙ። ሌሎቹ እናቶችም ተነሱ። ስለ ሥዕሉ የሚያወራም ነበር፤ ልጆቻችን ምን ይማሩበታል የሚል። ካሳሁን ለሥዕሉ ግድ የለውም፤ ግን እናቶች ተሰብስበው ሲለምኑት እምቢ ማለት አልሆነለትም።

«ደግሞ ስብሰባው ላይ አንተም እጅህን አውጥተሃል» አለው። «ከኋላ ቆመህ።»

እውነቱን ነው። ገብረሕይወት አሁን ትዝ አለው። ያን ቀን ትዕግስትን ብቻዋን ትቷት ስለመጣ ልቡ ቤት ነበር፤ የተጠየቀውን አልሰማም። የሁሉም እጅ ሲነሳ የእሱም ተነሳ። አሁን ደግሞ እማማ ሐምራዊትን በዓይነ ኅሊናው አያቸው፤ ጉልበታቸውን ይዘው ኮሪደር ላይ ሲቆሙ። ልክ ናቸው። ትዕግስትም ልክ ናት። ሁለቱም ልክ ከሆኑ በሩ የማን ሊሆን ነው?

«እስኪ እውነቱን ንገረኝ» አለ ካሳሁን። «ለምንድን ነው የጠየቅከኝ?»

ገብረሕይወት አፉን ከፈተ። ምክንያቱን ቢነግረው መሐላውን አፈረሰ። ከመሐላው ልትፈታው የምትችለው ትዕግስት ብቻ ናት። ትዕግስትን ለመጠየቅ ደግሞ የአዳራሹን ነገር ሊያነሳባት ነው፤ አዳራሽ ለምን ስትለው የእህቷን ሞት በራሱ አንደበት፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ቀኑ ሊነግራት ነው። አንዱን ምስጢር ለመክፈት ሌላውን መስበር አለበት።

«እንዲያው ነው፤ ወንበር ከመደርደሬ በፊት ልወቅ ብዬ» አለ ገብረሕይወት።

ካሳሁን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ሐዘን ነው፣ ሰውን እንዲህ ያደርጋል አለው። የዘይቱን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ መለሰው።

ከዚያ ለኤልዳና ደወለ፤ የአክስቷን ሞት አስቀድሞ ነግሯት ስታለቅስ ቆይታ ስለነበር ስልኩን ስታነሳ ድምጿ ተዘግቷል። አባቷ ምንም ሳይገልጽ፣ አንድ ባል የታመመች ሚስቱን ይዞ መግባት ይችላል ወይ ብሎ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ጠየቃት። እሷ ግን ወዲያው ገባት።

«አባ፣ ላይክ፣ ይሄ ሲምፕል ነው። ራይት አላችሁ፣ መብታችሁ ነው። ጀስት ንገራቸው።»

«የማን ሕግ ነው?»

«የፌደራል፣ አይ ቲንክ። ግን እሱ ስለ ብረቱና ስለ በሩ ስፋት ነው መሰለኝ። ስለ ምልክቱ… ቆይ ቼክ ላድርግ» አለች። ቼክ አድርጋ አልደወለችም፤ እሱም መልሶ አልጠየቃትም። ቅዳሜ ከሰዓት እንደምትደርስ ብቻ ተነጋገሩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጡ። ትዕግስት ሁሉንም ጥቁር ለብሰው በር ላይ ስታያቸው ነገሩ ገባት፤ በሌላ ሰው ቤት እሷም አብራ የቆመችበት ወግ ነው። አስካለ ናት? አለች። አንገታቸውን ደፉ። ልቅሶዋን የሰማ ሁሉ እናቷ እንደሞተች ነው የሚያስበው። ገብረሕይወት አጠገቧ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያልመጣው እንባ አሁን መጥቶ አልቆም አለው።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቃቸው። ወንበሩን የደረደረው ሌላ ሰው ነው፤ ገብረሕይወት መስመሩ መጣመሙን አየ። ትዕግስትን ፊት ለፊት አስቀመጧት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የሚመጣውን ሁሉ ተቀበለች። ስለ እህቷ ተናገረች፤ አለቀሰች፤ ሰው አስለቀሰች። እሱ ጎኗ ተቀምጦ የውሃውን ብርጭቆ ያይ ነበር። እንዳትጠጣ ይመኛል። የሚያልፈው ሁሉ ግን ትንሽ ተጎንጪ እያለ ያቀብላታል።

ከቀትር በኋላ «ገብሬ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ዊልቸሩን በኮሪደሩ ገፋ። በሩ ጋ ሲደርሱ ትዕግስት ወረቀቱን አነበበች።

«ይሄ መቼ ተለጠፈ?»

«ቆይቷል።»

«እናትስ እኔ ነኝ» አለች፣ ዓይኗ አብጦ። «አንተ ማን ልትባል ነው?»

ገብረሕይወት ኮሪደሩን ወዲህና ወዲያ አየ። ማንም የለም። ገፍቶ አስገባትና ከውስጥ ቆለፈ።

በሩ የተንኳኳው ሁለት እጁን በብብቷ አስገብቶ ሊያስነሳት ሲል ነው። አገር ቤት የሽንት ቤት በር ሲንኳኳ ከውስጥ ያለው «ሰው አለ» ይላል። ገብረሕይወት ዕድሜውን ሙሉ ሳያስብ ያለው ነገር ነው፤ አሁንም ሳያስብ አለው። «ሰው አለ።»

ከውስጥ የወጣው የወፈረ የወንድ ድምፅ ነበር።

«ማነው? ይሄ የእናቶች ነው እኮ ልጄ» አሉ እማማ ሐምራዊት። መልስ ሲጠፋ ሰው ጠሩ። የሌላ ሰው ኮቴ መጣ፤ ከዚያ የካሳሁን ድምፅ ተሰማ። «የኔ ጌታ፣ ማነህ? እናት ደጅ ላይ አቁመህ ምን ታደርጋለህ? ውጣ እንጂ።»

ገብረሕይወት ሚስቱን ግማሽ አንስቶ እንደያዘ ቀረ። ቢናገር መሐላው አለ፤ ዝም ቢል እሷ ራቁቷን በር ሊሰበርባት ነው የሚል ፍርሃት ያዘው። መልሶ አያስቀምጣት፣ አያስነሳት። ፊቷን አየ። ትዕግስት በሩን ትመለከት ነበር።

«እኛ ነን» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እኔና ገብሬ ነን። እሱ ካልያዘኝ መነሳት አልችልም።»

የካሳሁን ኮቴ ቀስ ብሎ ሲርቅ ተሰማ።

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ እማማ ሐምራዊት። «አትቸኩሉ። እኔ እጠብቃለሁ።»

ሲወጡ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ትዕግስት አንገቷን ሰበር አድርጋ ያን አሳሳም ጠበቀች። እማማ ሐምራዊት ግን አልሳሟትም።

«ሶፍት አለ ውስጥ?» አሏት።

«አለ።»

ገብረሕይወት በሩን ያዘላቸው፤ ገቡና ቆለፉ።

ካሳሁን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጠበቀው። ለምን አልነገርከኝም አለው። ምን ብዬ? አለ ገብረሕይወት። እማማ ሐምራዊት ከወጡ በኋላ ካሳሁን በጥፍሩ እየፋቀ ወረቀቱን ላጠው። ከላጠው በኋላ ግን እጁ ላይ ይዞት ቆመ። አንዲት እናት መጥተው፣ እኛ ለምነን ያስለጠፍነውን ማን አንሱ አላችሁ ብለው ተቆጡ። ሌላዋ የድሮው ይመለስ አሉ። አንዱ አባት ያ ሥዕል ልጆች ፊት አይሆንም አሉ። አንዱ ደግሞ «ለአቅመ ደካሞች» ተብሎ ይጻፍ፣ ሁሉንም ያስማማል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እማማ ሐምራዊት ከተቀመጡበት ሆነው «ደካማው ማነው?» ሲሉት ሐሳቡን ተወው። ሚስ ዶሪስ ጩኸት ሰምታ መጥታ፣ ምን ልለጥፍ? አለች። ማንም አልነገራትም። እሁድ ዕለት በሩ ምንም ሳይለጠፍበት ዋለ፤ የመጣው ሁሉ እያንኳኳ ገባ። ትዕግስትም ገባች፤ ገብረሕይወትም አብሯት።

ቅዳሜ ከሰዓት ደርሳ የነበረችው ኤልዳና እሁድ ማታውኑ ወደ ቻርለት ተመለሰች። ቤት ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ገብረሕይወት ስለ መሐላው ሊያነሳባት ፈለገ። አሁን ፈርሷል ማለት ነው ወይስ የተነገረው ለተነገራቸው ብቻ ነው? ሴቶቹ ነገ ምን እንደሚሉ፣ እሷስ ትጸጸት እንደሆነ፣ አላወቀም። ትዕግስት ነጠላዋን እያጣጠፈች ስለ እህቷ ታወራ ስለነበር አላቋረጣትም። እስከ ዛሬም አልጠየቃትም።

እድሩ ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ተነጋግሯል፤ አልተስማማም። አንዳንዱ ሕጉ ይታይ ይላል፤ የትኛው ሕግ ሲባል የሚያመጣ የለም። ካሳሁን፣ «ገብረሕይወት ተነስቶ ይናገር፣ ጉዳዩ የእሱ ነው» ብሎ ወስኗል። ገብረሕይወት እሺ ብሏል፤ ገና አልተናገረም። የእትዬ አስካለ አርባ የሚወጣው በዚያው አዳራሽ ነው፤ በሩ ላይ ምን እንደሚለጠፍ ግን እስካሁን አልተወሰነም።